አጥፍቻለሁ፣ ግን አላጠፋሁም

በሕይወቴ በወንጀል የተከሰስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም መብራት በማጥፋት። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ የሰፈሩን ትራንስፎርመር ያጋየሁ ይመስለዋልና ከወዲሁ ልናገር፤ ያጠፋሁት የደረጃ መብራት ነው። አንድ አምፖል፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ።

የምኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚያስኬደው መንገድ ዳር፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ውስጥ ነው። ሥራዬ ሲ.ኤም.ሲ. አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አማርኛ ማስተማር ነው። ሃያ ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ። የሚያውቁኝ ሁሉ ሁለት ነገር እንደሚያንጨረጭረኝ ያውቃሉ፤ ቀን የሚበራ መብራትና ያለ ቦታው የገባ ፊደል። በንጉሡ "ሠ" መጻፍ ያለበትን በእሳቱ "ሰ" የጻፈ ሱቅ ካየሁ፣ ገብቼ ባለቤቱን ካላናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ ጊዜ መገናኛ ላይ "ሰራተኛ እንፈልጋለን" የሚል ማስታወቂያ ላሳርም ብገባ፣ ባለሱቁ ሥራ ፈላጊ መስዬው ከላይ እስከ ታች አየኝና "ይቅርታ አባቴ፣ ወጣት ነው የምንፈልገው" ብሎ ሸኝቶኛል።

መብራቱም እንደዚያው ነው። በየጠዋቱ ከሦስተኛ ፎቅ ስወርድ፣ ምድር ቤት ደረጃው ሥር ያለችውን ማጥፊያ ቀጭ አደርጋለሁ፤ ያበራውን ሰው በልቤ እረግማለሁ፤ እሄዳለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረግኩ።

ምድር ቤት የሚኖሩት ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና መካኒክ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ መምህር ይሉኛል። እጃቸው ሥራ አይፈታም። ለካ እኒህ ሰው ከተበላሸ ፍሪጅ የጫጩት መፈልፈያ ሠርተው ኖሯል። ፍሪጁ ውስጥ አምፖል ደርድረው፣ ሽቦውን በግድግዳ አሹልከው፣ ማንም ሳያይ ከደረጃው መብራት መስመር ጋር አገናኝተውታል። የደረጃው መብራት ሲበራ ፍሪጁ ይሞቃል፤ ሲጠፋ ፍሪጁ ይቀዘቅዛል። እኔ ጠዋት አጥፍቼ በወጣሁ በአምስት ደቂቃ እሳቸው በነጠላ ጫማ ብቅ ብለው ያበሩታል፤ ያጠፋውን ሰው በልባቸው ይረግማሉ፤ ይገባሉ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በአንዲት ማጥፊያ ምክንያት፣ ማን ማን እንደሆነ ሳናውቅ፣ ሁለት ዓመት ስንራገም ኖረናል።

አንድ ዓርብ ጋሼ ለለቅሶ ወደ ገጠር ሄዱ። እኔ እንደ ልማዴ አጠፋሁ። ዓርብና ቅዳሜ ሲመሽ ደረጃውን በስልኬ መብራት ስወጣ፣ የሚያበራው ሰው በመጨረሻ ገባው ብዬ ደስ ብሎኛል። እሑድ ጋሼ ሲመለሱ፣ ሊፈለፈል ሁለት ቀን የቀረው መቶ ሰማንያ ዕንቁላል ቀዝቅዞ ጠበቃቸው።

እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የሕንጻው ሰው ሁሉ ደረጃው ላይ ወጥቷል። ጋሼ መሀል ቆመው "ማነው ያጠፋው? ማነው ይህን መብራት ያጠፋው?" እያሉ ይጮኻሉ። ስለ ዕንቁላሉ የማውቀው ነገር የለም። ሁለት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ጥያቄ ስለነበረ ግን ደረቴን ነፋሁ።

"እኔ ነኝ!" አልኩ። "ሁልጊዜም የማጠፋው እኔ ነኝ!"

በማግሥቱ ከሥራ መልስ የሕንጻው ኮሚቴ ለሽምግልና ተቀመጠ። ሰብሳቢው የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "አንዲት ቃል ናት፣ መምህር። አጥፍቻለሁ በላቸውና ይለቅ" አሉኝ። አማርኛ የሚናገር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሽማግሌ ፊት "አጥፍቻለሁ" የሚባለው ጥፋቱ ስላለ ብቻ አይደለም። ያላጠፋም ይለዋል፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳስሞ ወደ ቤቱ ይገባል። እኔ ግን የሰዋስው መምህር ነኝ።

"መብራቱን አጥፍቻለሁ" አልኩ። "ጥፋት ግን አላጠፋሁም።"

"እና አጥፍተሃል ወይስ አላጠፋህም?" አሉ ሰብሳቢው።

"አጥፍቻለሁ፣ ግን አላጠፋሁም።"

ነገሩ እንዲገባቸው ብዬ አንዱ "አጠፋ" አምፖልን፣ ሌላው "አጠፋ" በደልን እንደሚመለከት፣ ድምፃቸው አንድ ሆኖ ፍቺያቸው እንደሚለያይ ከምሳሌ ጋር አስረዳሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ምሳሌ ስጨምር ጋሼ ብድግ አሉ።

"የመቶ ሰማንያ ነፍስ አጥፍቶ ትምህርት ይሰጠኛል!" አሉና በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ሦስተኛውን ፍቺ እኔ አልጠቀስኩትም ነበር።

ከሳምንት በኋላ አንድ ሰው መጥሪያ ይዞ መጥቶ ዘበኛችንን "መምህሩ አሉ?" ይለዋል። የፈተና ሰሞን ስለነበረ እያመሸሁ ነው የምገባው። ዘበኛችን ደግሞ ሁለት ቀን ካላየኝ "ጠፉሳ!" ማለት የሚወድ ሰው ነው። በቅን ልቡ "ኧረ ሰሞኑን ጠፍተዋል" አለው። ሰውየው መጥሪያው ጀርባ ላይ "ተጠርጣሪው ጠፍቷል" ብሎ ጽፎ ሄደ።

በዚህ ዓይነት የጠፋሁት እኔ፣ ሰባተኛ "ለ" ክፍል አርባ ተማሪ ፊት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ በሁለት ፖሊሶች ተገኘሁ። ጨዋ ልጆች ነበሩ፤ ዐረፍተ ነገሩን እስክጨርስ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አራት ነጥቡን አስቀምጬ ወጣሁ።

ጣቢያ ውስጥ ቃሌን የተቀበለኝ መርማሪ ዕድሜው ከሠላሳ አይበልጥም። መምህር መሆኔን ሲሰማ ወንበር ለወጠልኝ። "መብራቱን ማን አጠፋው?" አለኝ። "እኔ" አልኩት። "በስህተት ነው ወይስ ሆነ ብለው?" አለኝ። በስህተት መብራት አጥፍቼ አላውቅም። "ሆነ ብዬ ነው እንጂ!" አልኩት፤ እንዲያውም ትንሽ ቆጣ ብዬ። እሱ ሁሉንም ጻፈና "ያንብቡትና ልክ ከሆነ ይፈርሙ" ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ።

አነበብኩት። ማለቴ፣ ያነበብኩት መስሎኝ ነበር። "እንቁላል" ብሎ በአልፋው "አ" ጽፎታል፤ በዓይኑ "ዐ" መሆን አለበት፤ ስድስት ቦታ ላይ አረምኩት። "ፅሁፍ" ይላል፤ "ጽሑፍ" አደረግኩት። "ብየ" ይላል፤ "ብዬ" አደረግኩት። በኪሴ ያለው የተማሪ ማረሚያዬ ስለነበረ እርማቱ በቀይ ነው። በድምሩ አሥራ አንድ። መርማሪው ፊቱ ቀላና "ይቅርታ መምህር፣ ፊደል ላይ ድሮም ደካማ ነኝ" አለኝ። "አይዞህ፣ ልምምድ ነው" አልኩት። ፈረምኩ።

የፈረምኩበት ዐረፍተ ነገር የሚለው እንዲህ ነው፤ "ጥፋቱን ሆነ ብዬ የፈጸምኩ መሆኔን አምናለሁ።" "ብዬ" የምትለዋ በቀይ ተስተካክላለች።

የስፖርት መምህራችን ዋስ ሆኖ አስወጣኝ። ክሱ ሆነ ብሎ የሰው ንብረት ማበላሸት ሆነ። ርእሰ መምህሩ ጠርተው በጣም በአክብሮት፣ ሻይ አዝዘው፣ ነገሩ እስኪለይለት ክፍል እንዳልገባ ነገሩኝ። ተማሪ ፊት በፖሊስ የተወሰደ መምህር ወላጅን ያስጨንቃል አሉ። ከተፈረደብህ ደግሞ እኛ ብቻ ሳንሆን የትኛውም ትምህርት ቤት ከወንጀል ነጻ የሚል ወረቀት ሳያይ አይቀጥርህም አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። እስር ቤቱን እንኳ ያን ያህል አላሰብኩትም። ክፍል ገብቶ ጠመኔ ከማንሳት ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ ለሌላ ሥራ ደግሞ መገናኛ ላይ እንደተነገረኝ ወጣት አይደለሁም።

ወንጀለኛ ከሆንኩ ወዲህ የሕግ ዐዋቂ ያልሆነ ዘመድ እንደሌለኝ አወቅኩ። የስፖርት መምህሩ "ዝም በል፣ ዝም ያለን ሰው ማንም ምንም አያደርገውም" አለኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ "እውነቱን ብቻ ተናገር" አሉኝ፤ እዚህ ያደረሰኝ እውነቱ መሆኑን ላስረዳቸው አልቻልኩም። ፍርድ ቤቱ በር ላይ በጃንጥላ ሥር ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ዘንድ ተቀመጥኩ። "አጥፍተዋል?" ብሎ ጠየቀኝ። "መብራት" ብዬ ሳልጨርስ "ለፈጸምኩት ከባድ ጥፋት ከልብ በመጸጸት" የሚለውን ጽፎ ሁለተኛው መስመር ላይ ደርሷል። "በመጸጸት" የሚለውን በትክክል ስለጻፈ አመሰገንኩትና ወረቀቱን ትቼለት ሄድኩ።

መጀመሪያ ችሎት የቀረብኩ ቀን ዳኛዋ "ጠበቃ ለማቆም አቅም አለህ?" አሉኝ።

"መምህር ነኝ፣ ክብርት ዳኛ።"

ዳኛዋ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። "ተከላካይ ጠበቃ ይመደብለት" ብለው ጻፉ።

ተከላካይ ጠበቃ ምን እንደሆነ ያን ቀን አላውቅም ነበር። አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት የሚያቆምለት ነው ሲሉኝ ተጠራጠርኩ። የሚከሰኝ መንግሥት፣ የሚከላከልልኝም መንግሥት ከሆነ እኔ መሀል ምን እሠራለሁ? ጠበቃዬ ዐቃቤ ሕጉን ኮሪደር ላይ "ደህና አደርክ?" ስትለው ባየሁ ጊዜ ደግሞ አለቀልኝ አልኩ።

ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። መዝገቦቿን በፌስታል ይዛ፣ ካባዋን ክንዷ ላይ ጥላ፣ ኮሪደሩ ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ከእኔ ቀጥሎ አራት ሰው ይጠብቃታል። እስከዚያች ቀን የጠየቀኝ ሰው ሁሉ "አጥፍተሃል?" ነበር የሚለኝ። እሷ "ምን ሆነ?" አለችኝ። ከነፍሪጁ፣ ከነለቅሶው፣ ከነግሡ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ከዚያ ለፖሊስ የሰጠሁትን ቃል ግልባጭ አወጣችና ቀይ ቀለሙን አየች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ግንባሯን ያዘች።

"መምህር፣ አሥራ አንድ ፊደል አርመው ይህቺ 'ጥፋት' የምትለዋን ቃል እንዴት አለፏት?"

"እሷ ላይ የፊደል ስህተት የለም" አልኳት።

ግልባጩን አጠፈችና "ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም" አለችኝ። "ተከሳሹ ፈርሟል ብቻ አይደለም የሚለው፤ ቃል በቃል፣ ፊደል በፊደል አንብቦ አጽድቆታል ነው የሚለው። ይልቅ በሚቀጥለው ቀጠሮ የእምነት ክህደት ቃል ይጠየቃሉ። ይካዱ።"

"ምን አልሽ?" አልኳት፤ እርስዎ ማለቱ ጠፋኝ። እኔ ወንጌል ያመንኩ ሰው ነኝ፤ ክህደት የሚባል ቃል እንኳን ላደርገው አልጠራውም።

"ጌታን አይደለም የሚክዱት፣ መምህር። ክሱን ነው።"

በቀጠሮው ቀን ሌላ ጣጣ ጠበቀን። ፍሪጁ ከነዕንቁላሉ በኤግዚቢትነት ተይዞ ሁለት ወር ጣቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ማስረጃው ለፍርድ ቤት ይታይ ተብሎ ሁለት ሰዎች ተሸክመው አስገቡት፤ በሩ በራሱ ተከፈተ። የሆነውን መግለጽ አልፈልግም። ዐቃቤ ሕጉ ካባውን አፍንጫው ላይ አድርጎ "ክብርት ዳኛ፣ ጉዳቱ ይኸው በግልጽ..." ሲል ሳል ያዘው። ጋሼ ብቻ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ዕንቁላላቸውን ያዩ ነበር። ዳኛዋ ማስረጃውን ማየታቸው ይመዝገብ ብለው ቀጠሮ ሰጡና ሁላችንም ሮጠን ወጣን።

በተከታዩ ቀጠሮ ለእምነት ክህደቱ ቆምኩ። ሌሊቱን ሙሉ "አላጠፋሁም" የሚለውን ተለማምጄ ነበር፤ ብቻውን፣ ያለ ማብራሪያ። "አላጠፋሁም" አልኩ። አፌን ልከፍት ስል ጠበቃዬ እግሬን ረገጠችኝ። ዘጋሁት። ምስክር መስማት ሊጀመር ሲል አዳራሹ ጨለመ። ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ "ክብርት ዳኛ፣ መብራት ጠፋ" አለች። የችሎቱ ሰው በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ።

መብራቱ እስኪመጣ ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። ጠበቃዬ በስልክ እንዳዘዘችኝ፣ ከመታገዴ በፊት ለማረም ቤት የወሰድኳቸውን የሰባተኛ "ለ" ደብተሮች በጆንያ ይዤ ነበር። "በእጅዎ ያረሙት ማንኛውም ነገር" ነበር ያለችኝ፤ ለምን እንደፈለገችው አልነገረችኝም። አንድ በአንድ እየገለጠች ታነባለች። እኔም አብሬያት ቀይ ቀይዋን እያየሁ በሥራዬ ጥራት እኮራለሁ። አንዱ ደብተር ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ገጹን በወረቀት ምልክት አድርጋ ሌሎቹን መለሰችልኝ።

መብራቱ መጣና ገባን። ጋሼ ምስክር ሆነው ቆሙ፤ ማሉ፤ ያዩትን ሁሉ ተናገሩ። ጠበቃዬ ተራዋ ሲደርስ በጣም በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀቻቸው።

"ጋሼ፣ ሲተኙ የቤትዎን መብራት ምን ያደርጉታል?"

"አጠፋዋለሁ።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ አጠፋለሁ።"

"ማንም ሳያስገድድዎት፣ ሆነ ብለው?"

"ሆነ ብዬ ነው እንጂ!" አሉ ጋሼ ቆጣ ብለው። ከኋላ ሰው ሳቀ።

"የፍሪጁ ሽቦ ከደረጃው መብራት ጋር እንደተገናኘ መምህሩ ያውቁ ነበር?"

ጋሼ እኔን አዩኝ። አዎ ቢሉ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። መሐላ ባይኖርም እንኳ የሚዋሹ ሰው አልነበሩም። "ከየት ያውቃል?" አሉ። "እኔው ነኝ የደበቅኩት።"

ዐቃቤ ሕጉ ግን አልተሸነፈም። ቃሌ ያለበትን ወረቀት ከፍ አድርጎ ያዘ። ተከሳሹ ተራ ሰው አይደለም፣ የቋንቋ መምህር ነው፤ ሆነ ብዬ ጥፋቱን ፈጸምኩ የሚለውን ዐረፍተ ነገር በገዛ እጁ፣ በቀይ ቀለም አርሞ ፈርሞበታል፤ ያረመውን አላነበበውም እንዴት ይባላል? አለ። ይህን ሲል እኔ ራሴ እውነቱን ነው አልኩ በልቤ።

ያን ጊዜ ጠበቃዬ ምልክት ያደረገችበትን ደብተር አወጣች። "ክብርት ዳኛ፣ ተከሳሹ ሲያርም ምን እንደሚያነብና ምን እንደማያነብ የሚያሳይ የመከላከያ ማስረጃ አለኝ" አለች። "የተማሪዋን ስም አልጠራም። የተሰጣቸው ርእስ 'ቤታችን' ይላል።" አነበበችው። ድርሰቱ ግማሽ ገጽ ብትሆን ነው።

"ቤታችን ከእንጦጦ ፓርክ በታች ነው። እናቴ አረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት ሆናት። ሁለት ወንድሞች አሉኝ። እነሱ ሲተኙ መብራት አላጠፋም። አክስቴ ስለ ቆጣሪው ትቆጣኛለች። ምክኒያቱም እናቴ ድንገት ብትመጣ ቤታችን እንዳይጠፋት ነው።"

ጠበቃዬ ደብተሩን ወደ ዳኛዋ ይዛ ሄደች። "የተከሳሹ እርማት ይኸውልዎት። 'ምክኒያቱም' የሚለው 'ምክንያቱም' ተብሎ በቀይ ተስተካክሏል። ከግርጌ 'ሰባት ከአሥር፣ ፊደል ላይ ትኩረት ይደረግ' ይላል። ሌላ ምንም አልተጻፈም።"

ዳኛዋ ደብተሩን ለራሳቸው እንደገና አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"ተከሳሽ፣ ይህን ያረምከው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ ክብርት ዳኛ።"

"አንብበኸዋል?"

ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። የሚያድነኝ መልስ አንድ ብቻ ነበር። እውነቱም እሱው ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ስንት ደብተር በእጄ አለፈ? ስንቱ ላይ ምን ተጽፎ ነበር?

"አላነበብኩትም" አልኩ።

ከዚያ በፊት አፍሬ አላውቅም ማለት እችላለሁ። ፖሊስ ሲወስደኝ አላፈርኩም፤ የዕንቁላሉ ሽታ ሲነሣ አላፈርኩም። ያን ቀን ግን ፊቴን የማስቀምጥበት አጣሁ። በዚያ ችሎት ከልቤ ያመንኩት ጥፋት ያ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አልከሰሰኝም።

ፍርዱ በሦስተኛው ሳምንት ተነበበ። ዳኛዋ ማሰብና ማወቅ ስለሌለበት ወንጀል የለም፤ ቃሉንም ሲፈርም ፍሬ ነገሩን ተረድቶት ነበር ለማለት አይቻልም ብለው በነጻ አሰናበቱኝ። ጠበቃዬን ላመሰግን ስዞር ቀጣዩን ሰው ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። "ምን ሆነ?" ስትለው ሰማኋት። በእጄ ሰላም ብያት አለፍኩ።

ከጋሼ ጋር ወደ ፈረንሳይ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ወንበር ደረሰን። ዳገቱ ሲጋመስ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

"እና አሁን ማንም አላጠፋም ማለት ነው?" አሉኝ።

"ፍርድ ቤቱ እንደዚያ ነው ያለው፣ ጋሼ።"

"ጫጩቶቼ ግን ሞተዋል።"

እዚያ ላይ ሰዋስው አላስተማርኳቸውም። "ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ" አልኳቸው።

"ይለቅ" አሉኝ። ረዳቱ "ጎበዝ፣ ሂሳብ!" እያለ እኛ ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን።

በማግሥቱ የውሳኔውን ግልባጭና የደብተር ጆንያዬን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊዋ ወረቀቱን አነበበችና ፊቷ ተለዋወጠ። "ውይ መምህር፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው ያሰናበቱዎት?" አለችኝ። "በነጻ" የሚለውን እንድታይ በጣቴ አሳየኋት። ከዚያ የምፈርምበት ወረቀት አቀረበችልኝ። ሁለት "ስራ" አየሁ፣ አንድ "ሀላፊ"። እስክሪብቶዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ወደ ክፍል መመለሴን ብቻ ነው የሚለው። በእሷው እስክሪብቶ ፈረምኩና ስህተቶቹን እንዳሉ ትቼ ወጣሁ።

የሰባተኛ "ለ"ን በር ስከፍት አርባውም በአንድ ድምፅ ጮኹ።

"ቲቸር! ጠፉ!"

"ጠፍቻለሁ" አልኳቸው።

ደብተሮቹን ስም እየጠራሁ በየመቀመጫቸው መለስኩ። እሷ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው መስመር ላይ ነው የምትቀመጠው። እስክታገድ ድረስ ዓመቱን ሁሉ እዚያው ወንበር ላይ ሳያት ኖሬያለሁ፤ የእጅ ጽሑፏን እንጂ ፊቷን ግን ያን ቀን ነው ደህና አድርጌ ያየሁት። ደብተሩን ሰጠኋትና ሌላው እንዳይሰማ ጎንበስ አልኩ።

"እናትሽ መጣች?"

ደብተሯን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ማን እንደነገረኝ የገረማት ይመስላል።

"ገና ናት፣ ቲቸር" አለችኝ። "መብራቱን ግን አላጠፋሁም።"